ቢሊ ኤሊየት ውቅያኖስ ሲሻገር

ቢሊ ኤሊየት የተባለው ሙዚቃዊ ቲያትር ወደ ኒውዮርክ ሊሄድ ነው የተባለ ጊዜ እኔ ዌስት ኤንድ በሚባለው የለንደን የቲያትር ቤቶች ሰፈር ማታ ማታ ፕሮግራምና አይስክሬም እሸጥ ነበር። የምሠራው ሌላ ቲያትር ቤት ቢሆንም ወሬው በየቤቱ አንድ ነበር፤ «አሜሪካኖች ይህን አይረዱትም» ይባል ነበር። እንዲህ ይሉ የነበሩት ትዕቢተኞች አልነበሩም። ቲያትሩን ከልባቸው የሚወዱና እንዳይዋረድባቸው የፈሩ ሰዎች ናቸው። እኔም እወደው ስለነበር ፍርሃታቸው ይገባኝ ነበር።

ታሪኩ የሚካሄደው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ደርሃም ውስጥ ባለችው በኢዚንግተን የከሰል ማዕድን መንደር ነው። ቢሊ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ሞታለች፤ አባቱና ታላቅ ወንድሙ ከሰል ቆፋሪዎች ናቸው። ቦክስ እንዲማር ይላካል፤ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ግን ባሌት የሚማሩ ሴት ልጆች ያያል፣ ልቡም ወደዚያ ይሄዳል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1984 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በዚያ ዓመት ማርች ላይ መንግሥት ሃያ የከሰል ማዕድኖችን ሊዘጋ መሆኑ ሲሰማ ቆፋሪዎቹ ሥራ አቆሙ። አድማው አንድ ዓመት ፈጀ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ማርጋሬት ታቸር ንቅንቅ አላሉም፤ ማርች 1985 ላይ ሠራተኞቹ ምንም ስምምነት ሳያገኙ ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ። የእውነተኛዋ ኢዚንግተን ማዕድን በ1993 ተዘጋ።

ታሪኩ መጀመሪያ በ2000 በስቲቨን ዳልድሪ አዘጋጅነት ፊልም ሆኖ ወጣ። ኤልተን ጆን በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ አይቶት ከአባቱ ጋር የነበረውን ነገር ስላስታወሰው አምርሮ እንዳለቀሰ ተናግሯል። ወደ መድረክ ሲመጣ ሙዚቃውን የደረሰው እሱ ነው፤ ድርሰቱና ግጥሙ የፊልሙ ደራሲ የሊ ሆል፣ ዳንሱ የፒተር ዳርሊንግ፣ አዘጋጁም ያው ዳልድሪ። በሜይ 2005 በቪክቶሪያ ፓላስ ቲያትር ተከፈተና ሲወርድ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው። ዛሬ ልጆቻችን «የሸረሪት ሰው» ብለው የሚያውቁት ቶም ሆላንድ መድረክን የተዋወቀው እዚያ ነው፤ በ2008፣ መጀመሪያ የቢሊን ጓደኛ፣ ቀጥሎም ራሱን ቢሊን ሆኖ ተጫውቷል።

ታዲያ ስጋቱ ከየት መጣ? አነጋገሩ አንዱ ነው፤ የደርሃም ቆፋሪ ሲናገር የለንደን ሰው እንኳ ጆሮውን ማቅናት አለበት። ፖለቲካው ደግሞ አለ። ሁለተኛው ክፍል የሚከፈተው በገና ድግስ ሲሆን ቆፋሪዎቹ የታቸርን ምስል አቁመው ሞታቸውን የሚናፍቅ ዘፈን ይዘፍናሉ። ለእንግሊዝ ተመልካች ይህ ቁስል ነው። ኤፕሪል 8 ቀን 2013 ታቸር በእርግጥ የሞቱ ዕለት የለንደኑ ቡድን ይህን ዘፈን እናቅርብ ወይስ እንተወው ብሎ ታዳሚውን ድምፅ አሰጠ፤ አብዛኛው ሰው ይቅረብ አለ። ገና ለቀብር ያልደረሱ ሴት ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ የሚሰጥበት አዳራሽ ሌላ አገር አይገኝም። አሜሪካዊ እዚያ ቦታ ምን ሊሰማው ይችላል?

ኒውዮርክ ላይ ሲከፈት ደግሞ ጊዜው ክፉ ነበር። በሴፕቴምበር 2008 ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ ከሰረ፤ ኒውዮርክ የገንዘብ ድንጋጤ ላይ ወደቀች። ቢሊ ኤሊየት በዚያችው ከተማ በኢምፔሪያል ቲያትር ኖቬምበር 13 ተከፈተ። ወጪው 18 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሃያስያኑ ወደዱት። በጁን 2009 ቶኒ ከሚባለው የአሜሪካ የቲያትር ሽልማት አሥር ወሰደ፤ ቢሊን እየተፈራረቁ የተጫወቱት ሦስት ልጆች የምርጥ መሪ ተዋናይን ሽልማት ሦስቱም ተካፈሉት። የወጣበት ገንዘብ በ14 ወር ተመለሰ። ስለዚህ አሜሪካዊ ይህን ሊረዳ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በአጭሩ ተመልሷል፤ ይችላል፣ ቻለም። እኔን የሚያብሰለስለኝ ግን በምን ቻለ የሚለው ነው።

ያኔ ሜሪላንድ ተዛውሬ ነበር። አክስቴ ከደሴ ልትጠይቀን ስትመጣ በአውቶቡስ ኒውዮርክ ወሰድኳት። እትዬ እንግሊዝኛዋ ሰላምታ ብቻ ነው፤ እኔም ሆን ብዬ ስለ አድማው አስቀድሜ ብዙ አላስረዳኋትም። አዳራሹ ከለንደኑ የተለየ ነው። ለንደን በገንዘብ የምንሸጠው ፕሮግራም እዚህ በር ላይ በነፃ ይታደላል፤ ሰዉም በጭብጨባ አይሰስትም፣ መጨረሻ ላይ ለመቆም አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። አነጋገሩም እኔ ለንደን ከሰማሁት ለስለስ ብሎልኛል።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ትዕይንት ገና በመጀመሪያው ክፍል አለ። በአንድ በኩል ፖሊሶችና አድመኞች ይፋጠጣሉ፤ በሌላ በኩል ነጭ ቀሚስ የለበሱ ትንንሽ ልጃገረዶች ባሌት ይማራሉ። ቀስ በቀስ ሁለቱ ቦታ ይቀላቀላል፤ ፖሊሱ በልጆቹ መካከል ያልፋል፣ ልጆቹ በጋሻዎቹ መካከል ይሽከረከራሉ፣ ሁሉም በአንድ ምት ይረግጣሉ። በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ አንድ ልጅ እያየነው መደነስ ይማራል። ማንም መጥቶ አድማ ምንድን ነው ብሎ አያስረዳም። አንድ ነገር መንደሩን እያፈረሰ፣ ሌላ ነገር እዚያው ውስጥ እየበቀለ መሆኑን ዓይን ብቻውን ያየዋል።

ከዚያ የአባትየው ነገር አለ። ልጁን ለንደን ለፈተና ለመውሰድ ገንዘብ የለውም፤ ስለዚህ አድማውን ሰብሮ ሥራ ሊገባ ይሄዳል። ትልቁ ልጁ መንገድ ላይ ይይዘዋል። ጓደኞቹ ካላቸው ላይ ያዋጡለታል፤ አድማ የሰበረ ሌላ ሰው ደግሞ መጥቶ ገንዘብ ይሰጣል፣ ይህን ገንዘብ መቀበልና አለመቀበል ራሱ ጠብ ይሆናል። ስንወጣ እትዬን ምን ገባሽ አልኳት። «አንቺ ልጅ፣ አድማ ያልሽው እንዲያው ነው። አባትየው ግን ለልጁ ብሎ በባልንጀሮቹ ፊት ተዋረደ። ይኼ አስተርጓሚ ይፈልጋል?» አለችኝ። ቀጥላ ያ የገና ድግስ በየትኛው ዓመት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዲሴምበር 1984 ስላት በጣቷ ቆጥራ «ታኅሣሥ ሰባ ሰባት ነዋ!» አለች። እሷ የወሎ ሰው ናት፤ ሰባ ሰባትን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ አልልም። የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ባንድ ኤይድ ብለው ለእኛ ድርቅ የዘፈኑት በዚያው ገና ነው፤ ዘፈኑ በአገሪቱ አንደኛ ሆኖ የሚሰማው ቆፋሪዎቹና ቤተሰቦቻቸው በየአዳራሹ በመዋጮ ሾርባ በሚበሉበት ክረምት ነበር። «እነሱም ተቸግረው ኖሯል?» አለችኝ እትዬ።

ይህን ያነሣሁት ለስሜቱ ብዬ ብቻ አይደለም። ቢሊ ኤሊየት ኒውዮርክ ላይ የቆመው አሜሪካኖች የእንግሊዝን ታሪክ ስለተማሩ አይመስለኝም። ሰው የሚፈልገው ነገር በግልጽ ስለሚታይ ነው። ልጁ መደነስ ይፈልጋል፤ አባት ልጁ ከዚህ ጉድጓድ እንዲያመልጥ ይፈልጋል፤ መንደሩ መኖር ይፈልጋል። ፈላጊው ከታወቀ ተመልካቹ የጎደለውን ከራሱ ኑሮ ይሞላል፤ የ2008 ኒውዮርክ ደግሞ ሥራ ማጣትን ከማንም አልተማረችም። መጨረሻው ላይ ቆፋሪዎቹ በራስ ቁራቸው ላይ ያለውን መብራት አብርተው ወደ ጉድጓዱ ሲወርዱ ለንደን ውስጥ ያየኋቸው ሰዎች የሚያለቅሱት ለቆፋሪዎቹ ነበር። ኒውዮርክ የሚያለቅሱት ሻንጣውን ይዞ ለሚሄደው ልጅ ነው። አንዱ ከሌላው ያነሰ ዕንባ አይደለም።

ይሁንና ልዩነቱ ቁጥር ላይ ታይቷል። ኒውዮርክ ላይ 1,312 ጊዜ ታይቶ ጃንዋሪ 8 ቀን 2012 ወረደ፤ ከሦስት ዓመት ትንሽ ይበልጣል። ቺካጎ በ2010 የጸደይ ወራት ተከፍቶ ዓመቱ ሳያልቅ ተዘጋ። ለንደን የቆየው ትኬት ገዢው ደጋግሞ ስለሚመጣ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የራሱ የቤተሰብ ታሪክ ነውና። አሜሪካዊው አንዴ አይቶ፣ አልቅሶ፣ ረክቶ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሰዎች ከለንደን የሄዱትን ካትስንና ፋንተምን ይጠቅሱልኛል። ካትስ ብሮድዌይ በሚባለው የኒውዮርክ የቲያትር ሰፈር ከ1982 እስከ 2000፣ የኦፔራው ፋንተም ከ1988 እስከ 2023 ኖረዋል፤ ፋንተም 13,981 ጊዜ ነው የታየው። እነሱ ግን ይህን ጥያቄ አይመልሱም። አንዱ ስለ ድመቶች ነው፣ ሌላው ስለ ፓሪስ ኦፔራ ቤት። እንግሊዝ ውስጥ ስለሚኖር ሰው ኑሮ አሜሪካዊውን የሚጠይቁት ነገር የለም። ፈተናው ብለድ ብራዘርስ ዓይነቱ ላይ ነው።

የዊሊ ራስል ድርሰት የሆነው ይህ ቲያትር ስለ ሊቨርፑል መንትዮች ነው፤ አንዱ ከድሃ እናቱ ጋር ይቀራል፣ ሌላው ለሀብታም እመቤት ተሰጥቶ ያድጋል። ለንደን ውስጥ ከ1988 እስከ 2012 ሳይቋረጥ ታየ፤ ከ10,000 ጊዜ በላይ ነው። በ1993 ኒውዮርክ ሲሄድ ሃያስያኑ ፊት ነሡት። ያዳነው ስም ነው፦ ዘፋኟ ፔቱላ ክላርክ እናት፣ በእውነት በአባት ወንድማማች የሆኑት ዴቪድና ሾን ካሲዲ መንትዮቹ ሆነው ገቡ፤ ሕዝቡም እነሱን ሊያይ መጣ። 840 ጊዜ ታይቶ አበቃ። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ሰው አፉን ሲከፍት የየትኛው ወገን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል፤ የዚህ ቲያትር ሕመም ግማሹ እዚያ ድምፅ ውስጥ ነው ያለው። ሃያሲው ያንን ካልሰማ የሚቀርለት ታሪኩ ብቻ ነው፣ ታሪኩ ብቻውን ደግሞ የተጋነነ ይመስላል።

ለአሜሪካኖች ብሎ መለወጥም መድኃኒት አይደለም። ቼዝ የተባለው፣ አባ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ሙዚቀኞች ከቲም ራይስ ጋር የሠሩት ቲያትር፣ ለንደን ውስጥ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቷል፤ እዚያ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር ይዘፈናል። በ1988 ለብሮድዌይ ታሪኩ እንደ አዲስ ተጽፎ ንግግር ተሞላበት፤ 68 ጊዜ ታይቶ ተዘጋ። እኔ እንደሚመስለኝ ሰዎቹ ሙዚቃውን ማመን ነበረባቸው።

የቅርቡ ምሳሌ የበለጠ ያስደስተኛል። ኦፕሬሽን ሚንስሚት የሚባለው በ2019 በአንዲት ትንሽ የለንደን ቲያትር ቤት የተጀመረ፣ አምስት ተዋንያን ብቻ የሚጫወቱት ሥራ ነው። የእንግሊዝ ሰላዮች በ1943 የሐሰት ሰነድ ያስያዙትን ሬሳ ባሕር ላይ ጥለው ጀርመኖችን ያታለሉበትን እውነተኛ ታሪክ ይተርካል። ቀልዱ ከላይ እስከ ታች እንግሊዛዊ ነው። በማርች 2025 ብሮድዌይ ገባ፤ ጃክ ማሎን የተባለው ተዋናይም ቶኒ ወሰደ። እሱ የሚጫወተው ሬሳው ነው ለሚባለው፣ ለሌለ ወታደር የፍቅር ደብዳቤ የምታዘጋጅ አንዲት ያረጀች የቢሮ ጸሐፊን ነው። ቃላቱ ተራ ናቸው፣ የአትክልት ስፍራና የቤት ወሬ፤ እየጻፈች ሳለች ግን ለእውነተኛ ሰው ጽፋ የምታውቅ መሆኗ ይገባናል። ለዚህ ስለ እንግሊዝ የስለላ ድርጅት ማወቅ አያስፈልግም።

ትራፊኩ በሌላውም አቅጣጫ ይሄዳል። ቢሊ ኤሊየት በኤፕሪል 2016 ከቪክቶሪያ ፓላስ የወጣው ሕንፃው ሊታደስ ስለነበረ ነው። እድሳቱ ሲያልቅ በዲሴምበር 2017 እዚያ የገባው ሃሚልተን ነበር፤ አሜሪካ ከእንግሊዝ ንጉሥ ስለተላቀቀችበት ዘመን የሚተርክ፣ ንጉሡንም መድረክ ላይ አውጥቶ የሚያስቅበት የአሜሪካ ሥራ። እንግሊዞቹ በተራቸው «እኛ ይህን እንረዳው ይሆን?» ብለው ተጨነቁ። ትኬቱ ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል።