የላሞችን ‘ገዳይ ሕዋሳት’ ማን ይቀሰቅሳቸዋል?

ለቶሮንቶ ነዋሪ ጥሬ ወተት ከሱቅ ገዝቶ መጠጣት የማይታሰብ ነው። ከተማዋ የምትገኝበት የኦንታርዮ ግዛት ለገበያ የሚቀርብ ወተት በሙቀት ታክሞ ጀርሙ እንዲጠፋ በሕግ ያስገደደው እአአ በ1938 ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ በወተት አማካይነት ሕጻናትን ይይዝ የነበረው የከብት ቲቢ ነው። ጥሬ ወተትና እርጎ የብዙ ቤተሰብ ምግብ በሆኑባት ኢትዮጵያ ግን በሽታው ዛሬም ከበረት አልወጣም።

መንስኤው ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ወደ ላሟ ሳንባ ሲገባ ማክሮፋጅ የሚባሉት ባዕድ ነገርን የሚውጡ ሕዋሳት ይውጡታል፤ እርሱ ግን በዋጠው ሕዋስ ውስጥ መሽጎ ይኖራል። ምሽጉን ለመስበር ቀድመው ከሚደርሱት መካከል ‘ተፈጥሯዊ ገዳይ’ የተሰኙት ነጭ የደም ሕዋሳት ይገኛሉ።

እነዚህ ሕዋሳት በአይጦች ላይ የታወቁት እአአ በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ‘ተፈጥሯዊ’ የተባሉት ጠላታቸውን ለመምታት ቀደም ሲል ከእርሱ ጋር መተዋወቅ ስለማያስፈልጋቸው ነው። ሌሎቹ ተከላካዮች፣ ቲ ሕዋሳት፣ አንድን ጠላት ለይተው የሚያውቁበት ተቀባይ አላቸው፤ የዚህን ተቀባይ ዘረ መል በሰው ላይ እአአ በ1984 ያገኘው በቶሮንቶ የታክ ማክ የምርምር ቡድን ነበር። ገዳይ ሕዋሳት ይህ ተቀባይ የላቸውም። በከብቶች ላይ እነርሱን ከሌሎች ለይቶ ማውጣት ለረጅም ጊዜ አስቸግሮ የቆየ ሲሆን፣ ኤንኬፒ46 የተባለ የገጽ ፕሮቲን እንደ መታወቂያ ሆኖ ያገለገለው እአአ በ2004 ነው።

ታዲያ ማን ይቀሰቅሳቸዋል? ባክቴሪያውን የዋጡት ሕዋሳት ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። ዋነኛው ኢንተርሉኪን-12 ነው። በገዳይ ሕዋሱ ገጽ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገጥም፣ በሕዋሱ ውስጥ ምልክቱ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን እየተላለፈ እስከ ኒውክለሱ ይደርሳል፤ እዚያም ኢንተርፌሮን ጋማ የሚመረትበት ዘረ መል ይከፈታል። ኢንተርሉኪን-12 ብቻውን ሲመጣ ግን ምላሹ ደካማ ነው። ኢንተርሉኪን-15 ወይም ኢንተርሉኪን-18 ሲታከልበት ኃይሉ ከሁለቱ ድምር በላይ ይሆናል። ኢንተርሉኪን-15 ከዚህም ሌላ ሕዋሳቱን በሕይወት ያቆያል። በአንጻሩ ኢንተርሉኪን-10 ልጓም ነው፤ ምላሹ የራስን አካል እንዳይጎዳ ያበርደዋል።

የተነሳው ሕዋስ ሁለት ነገር ያደርጋል። የተበከለውን ሕዋስ ይበሳል፤ የለቀቀው ኢንተርፌሮን ጋማም ወደ ማክሮፋጁ ተመልሶ የዋጠውን ባክቴሪያ እንዲገድል ያበረታዋል። በከብት ቲቢ ረገድ ይህ ሁለተኛው ሥራ ሳይበልጥ አይቀርም፤ ‘ገዳይ’ የሚለው ስም ትንሽ ያሳስታል።

ይኸው ኢንተርፌሮን ለምርመራም ይውላል። የላሟ ደም ከባክቴሪያው በተወሰዱ ፕሮቲኖች ተቀላቅሎ ያድራል፤ ኢንተርፌሮኑ ከጨመረ ላሟ መያዟ ይጠረጠራል። ገዳይ ሕዋሳት በብዛት ባሏቸው ጥጆች ላይ ግን እነዚሁ ሕዋሳት ያለ በሽታ ኢንተርፌሮን እየለቀቁ ውጤቱን ሊያዛቡ ይችላሉ።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩ የቤተ ሙከራ ብቻ አይደለም። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተካሂዶ እአአ በ2007 የታተመ ጥናት፣ ገበሬው ‘የፈረንጅ ላም’ የሚላቸው የሆልስታይን ከብቶች ከአገሬው ዝርያ ይልቅ በበሽታው በብዛት እንደሚያዙና እንደሚጠቁ አሳይቷል። ለከተሞች ወተት የሚታለበው ግን በአብዛኛው ከእነርሱና ከዲቃሎቻቸው ነው። እንደ ካናዳ የታመመውን መርምሮ አስወግዶ ካሳ መክፈል ደግሞ ለአነስተኛ አርቢም ለመንግሥትም ከባድ ነው።

ተስፋ የተጣለው በክትባት ላይ ነው። ለሕጻናት የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ሳይቶካይኖቹን አስቀድሞ ያነቃቃል። የአዲስ አበባ፣ የካምብሪጅና የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ጥጆች ላይ ሞክረውት፣ ክትባቱ በመንጋ ውስጥ የበሽታውን ስርጭት በ89 በመቶ እንደሚቀንስ እአአ በ2024 አስታውቀዋል። እንቅፋቱ፣ የተከተበ ከብት በተለመደው የቆዳ ምርመራ እንደታመመ ሊቆጠር መቻሉ ነው። ሁለቱን የሚለዩ አዳዲስ ምርመራዎች ተሠርተዋል፤ በሙከራውም ላይ ውለዋል።