የሶላር ፓምፕ ሞተር ሲንቀጠቀጥ፦ ችግሩ ከኤሌክትሪኩ ነው ወይስ ከመካኒካል ክፍሉ?



በቴፒና አካባቢዋ ዝናብ በሚቀንስባቸው የበጋ ወራት የቡና ችግኝ መደብ ያለ ውኃ ብዙ ቀን አይቆይም። በዚህ ወቅት የፓምፓችሁ ሞተር መንቀጥቀጥ ከጀመረ “እስኪቆም ይሥራ” አትበሉ። ንዝረት ቡሎን ይፈታል፣ ኩሽኔታ ይበላል፣ በመጨረሻም ሞተሩን ያቆማል።

ንዝረት ግን ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። እኔም አንድ ጊዜ ድምፁን ብቻ ሰምቼ ኩሽኔታ አስለውጫለሁ፤ ያለቀው ካርቦኑ ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መንስኤውን ለዩ። ይህ ጽሑፍ በቺንጊያ ወይም በመጋጠሚያ ከፓምፕ ጋር ለተያያዘ፣ ቋሚ ማግኔት ላለው የዲሲ ሞተር ነው።

ጥንቃቄ፦ ፀሐይ እስካለ ድረስ ከፓነሉ የሚመጣው ሽቦ ኤሌክትሪክ አለው። ሳትነኩ በፊት በማብሪያ ማጥፊያው አጥፉ፤ ሞተሩ እየሠራ ሽቦ አትንቀሉ።

1. የመለያ ሙከራ
ሰማዩ ጥርት ባለበት እኩለ ቀን አካባቢ ሥሩ፤ ደመና ፍጥነቱን ስለሚቀያይር ያሳስታል። ሞተሩን አጥፍታችሁ የእግሩን ቡሎኖች አጥብቁ። ቺንጊያውን አውጥታችሁ ሞተሩን ለብቻው አስነሡ፤ ፍጥነት ሲይዝ አጥፉት።
• ሞተሩ ገና እየዞረ ንዝረቱ ወዲያው ከጠፋ፣ መንስኤው ኤሌክትሪክ ነው።
• ፍጥነቱ ሲቀንስ ንዝረቱም ቀስ በቀስ ከቀነሰ፣ መንስኤው መካኒካል ነው።
• ለብቻው ጸጥ ብሎ ከፓምፑ ጋር ብቻ ከተንቀጠቀጠ፣ መጀመሪያ ቺንጊያውን፣ አሰላለፉንና ፓምፑን እዩ።

2. ኤሌክትሪክ ከሆነ
ካርቦኑ አጥሮ፣ በቤቱ ውስጥ ተጣብቆ ወይም ስፕሪንጉ ደክሞ እንደሆነ እዩ። ካርቦኑ የሚነካው የመዳብ ቀለበት ጠቁሯል? ተቦርቡሯል? ብልጭታ ያበዛል? አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ዘይት ግን አትቀቡ። የተቃጠለ ሽታ ካለ ጥቅል ሽቦው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ስጡ። አንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ካርቦን የላቸውም፤ የእነሱን መቆጣጠሪያ ራሳችሁ አትፍቱ።

3. መካኒካል ከሆነ
• በሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ላይ ክር ወጥሩ፤ ክሩ ሁሉንም ጠርዝ እኩል ካልነካ አሰላለፉ ተዛብቷል።
• ዘንጉን በእጅ አወዛውዙ፤ ከላላ ወይም ሲዞር ከጎረበጠ ኩሽኔታው አልቋል።
• የማቀዝቀዣው ፋን ተሰብሮ ወይም ጭቃ ይዞ እንደሆነ እዩ።
• ፓምፑ ጠጠር እንደዋጠ ካንኳኳ፣ የመምጠጫ ቱቦው አየር ያስገባል ወይም ማጣሪያውን ቅጠል ዘግቶታል።

ያገኛችሁትን በማስታወሻ ያዙ፦ ቀኑን፣ ምልክቱን፣ የተቀየረውን ዕቃ። ባለሙያ ስትጠሩ “ተንቀጠቀጠ” ብቻ ሳይሆን “ሲጠፋ ወዲያው ይቆማል” ወይም “ቀስ ብሎ ይቀንሳል” ብላችሁ ንገሩት። ያ አንድ ቃል ጊዜና ገንዘብ ያተርፍላችኋል፤ ችግኙም ውኃውን በወቅቱ ያገኛል።