ሽንትን በገዛ እጅ ማስወጣት

በራስ እጅ ካቴተር ማስገባት ማለት ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫው በኩል እስከ ፊኛ ድረስ አስገብቶ ሽንቱን ማፍሰስና ቱቦውን ወዲያው መልሶ ማውጣት ነው። በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይደረጋል። የሚማሩት ሽንታቸው በራሱ መውጣት ያቃተው፣ ወይም ሸንተው ሲነሡም ብዙው ውስጥ የሚቀርባቸው ሰዎች ናቸው። ሐኪም ቤት ተኝቶ መቆየትን አይጠይቅም፣ ቢላ አይነካውም፤ ሳሙና፣ ውኃ፣ ቱቦና ትዕግሥት ይበቁታል። ኩላሊትን ከጥፋት ከሚያድኑ ዘዴዎች ሁሉ ይህን ያህል ቀላል የሆነው ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ስለ ዘዴው ሳይሰማ የሚኖረው ስለሚታፈርበት ነው።

የአዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት ይይዛል። በሚሞላበት ጊዜ የፊኛው ጡንቻ ዘና ብሎ ይለጠጣል፣ መውጫውን የሚዘጋው ቆላፊ ጡንቻ ደግሞ ጠብቆ ይቆያል። ሰው ሊሸና ሲቀመጥ ተራው ይገለበጣል፦ ፊኛው ይጨመቃል፣ ቆላፊው ይላላል። ትእዛዙ ከአንጎል ተነሥቶ በህብለ ሰረሰር በኩል ወርዶ በወገብ ግርጌ ባሉት ነርቮች አማካይነት ይደርሳል። በዚህ መንገድ ላይ የትም ቦታ ጉዳት ቢደርስ የሁለቱ ጡንቻዎች ተራ ይዛባል። በመኪና አደጋ ወይም ከዛፍ ወድቆ አከርካሪው የተጎዳ፣ ለብዙ ዓመት የቆየ የስኳር በሽታ ነርቮቹን ያደከመበት፣ ጀርባው ላይ ክፍተት ኖሮት የተወለደ ሕፃን፣ ከከባድ ምጥ የተነሣች እናት፣ ፕሮስቴቱ አብጦ መንገዱን የዘጋበት ሽማግሌ፣ ሁሉም በየራሳቸው ምክንያት እዚሁ ችግር ላይ ይገናኛሉ። በሰፈር አነጋገር «ሽንት ከለከለው» የሚባለው ይህ ነው።

ድንገት የሚመጣው መከልከል ያስጮኻል፤ ሕመምተኛውን ሌሊት ተሸክመው ወደ ሆስፒታል ይሮጣሉ። ይበልጥ የሚያሳስበው ቀስ በቀስ የሚመጣው ነው። እሱ አያምም። ፊኛው እየተለጠጠ ሄዶ ሊትር እስኪያልፍ ይሞላና ከአቅሙ በላይ ሲሆን ጠብ ጠብ እያለ ያመልጣል። ቤተሰቡም፣ አንዳንዴ ሕመምተኛው ራሱም፣ «ሽንት መቋጠር አቃተው» ይላሉ፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ፊኛው ሞልቶ መፍሰሱ ነው። ውስጡ ያለው ግፊት ወደ ላይ፣ ወደ ኩላሊት ይገፋል። ኩላሊት ደግሞ ሳይጮኽ የሚደክም አካል ነው፤ ችግሩ በደም ምርመራ በታየ ጊዜ ብዙው ሥራው ቆሞ ሊገኝ ይችላል።

ቱቦው ራሱ ጥንታዊ ነው። ካቴተር የሚለው ስም ወደ ታች መላክ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ግሥ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ አመድ ከተቀበረችው ከፖምፔይ ፍርስራሽ ከነሐስ የተሠሩ ካቴተሮች ተቆፍረው ወጥተዋል። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1752 የፊኛ ጠጠር ለሚያሠቃየው ወንድሙ ለጆን እንደ ልብ የሚተጣጠፍ የብር ካቴተር አሠርቶ ልኮለታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ሐኪም ኦገስት ኔላቶን ለስላሳውን የጎማ ቱቦ አመጣ፤ ቀጥ ያለው ቱቦ ዛሬም ድረስ በእሱ ስም ኔላቶን ይባላል። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ፎሊ በ1930ዎቹ ጫፉ ላይ በውኃ የሚነፋ ባሉን ያለውን ካቴተር ሠራ። ከፌስታል ከረጢት ጋር ተያይዞ ሕመምተኛው አልጋ ጎን ተንጠልጥሎ የሚታየው እሱ ነው። ቱቦው ሳይወጣ ለቀናትና ለሳምንታት መቆየት ቻለ፤ ነገር ግን ውስጥ የሚከርም ባዕድ ነገር በመሆኑ ተሕዋሲያን ይሰፍሩበታል፣ ጠጠር ይሠራበታል፣ የሽንት ቧንቧውንም ይልጠዋል።

አስገብቶ ወዲያው ማውጣት የሚለውን ሐሳብ በሥርዓት የሠራበት ሉድቪግ ጉትማን ነው። ከናዚዎች አምልጦ እንግሊዝ የገባው ይህ የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1944 ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ውስጥ አከርካሪያቸው ለተጎዳ ወታደሮች ልዩ ክፍል ከፈተ። ከዚያ በፊት አከርካሪው የተሰበረ ሰው በብዛት የሚሞተው በአልጋ ቁስልና በሽንት በኩል በሚገባ ኢንፌክሽን ነበር። ጉትማን ቱቦው በየተወሰነ ሰዓት እንዲገባና እንዲወጣ አደረገ፤ ሥራው ግን እንደ ቀዶ ሕክምና ከተሕዋሲያን ፍጹም በጸዳ መሣሪያና ጓንት፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ብቻ የሚከናወን ነበር። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ የገባ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል?

መልሱ የመጣው አሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ከነበረው የሽንት አካላት ሐኪም ከጃክ ላፒዲስ ነው። ላፒዲስ ያየው ሌሎች ያላዩትን ነበር። ኢንፌክሽን የሚያመጣው ባክቴሪያ መግባቱ ብቻ አይደለም አለ። ፊኛ ከልክ በላይ ሲወጠር በግድግዳው ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች ይጫናሉ፣ ደም ያነሰው ሥጋም ራሱን መከላከል ያቅተዋል። በእንስራ ውስጥ የከረመ ውኃ እንደሚበላሽ የቆየ ሽንትም ለተሕዋሲያን ምቹ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ፊኛውን ሳይወጠር በሰዓቱ ባዶ ማድረግ ነው፤ ለዚህም በሳሙና የታጠበ እጅና ንጹሕ ቱቦ ይበቃል። ዘዴውን መጀመሪያ ያስተማራት መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለ የነርቭ በሽታ የነበረባትን ሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ከባልደረቦቹ ጋር ውጤቱን ሲያሳትም ብዙ ሐኪሞች ደነገጡ፤ ያልተቀቀለ ቱቦ በሕመምተኛ እጅ ማስገባት ለእነሱ ነውር ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ግን ዘዴው በመላው ዓለም የተለመደ ሆነ። ከዚያ በፊት ሽንታቸውን በሆዳቸው በኩል በሚያወጣ ቀዶ ሕክምና ይታከሙ የነበሩ ብዙ ሕፃናት ከቢላ የዳኑት በዚህ ነው።

የካቴተር ውፍረት የሚለካው በፈረንሳዊው መሣሪያ ሠሪ በሻሪዬር መለኪያ ነው፤ ሦስት ቁጥር አንድ ሚሊ ሜትር ነው። አዋቂዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙበት 12 ቁጥር እንግዲህ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው ማለት ነው። ጫፉ ላይ ያለው ቀለም ቁጥሩን ይናገራል፦ 10 ጥቁር፣ 12 ነጭ፣ 14 አረንጓዴ፣ 16 ብርቱካናማ። የወንድ ቱቦ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ለሴት የሚሠራው አጭር ነው፣ የሴት የሽንት ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ። የወንድ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ተራው ፕላስቲክ ቱቦ በውኃ የሚሟሟ ጄል ይቀባል፤ ቫዝሊን አይሆንም። ውድ የሆነው ዓይነት ደግሞ ውኃ ሲነካው ራሱ የሚያሙለጨልጭ ሽፋን አለው፣ አንዴ አገልግሎ ይጣላል።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከእጅ መታጠብ ነው። ቧንቧ በሌለበት ቤት አንድ ሰው በጆግ ቢያስታጥብ ወይም ባለ ቧንቧ ጀሪካን ከፍ ብሎ ቢሰቀል ይበቃል፤ ቱቦው ከመነካቱ በፊት እጅ ታጥቦ መድረቁ ነው ቁም ነገሩ። ሴቷ መጸዳጃው ላይ ወይም አልጋ ጠርዝ ላይ እግሯን ከፍታ ትቀመጣለች፣ ከፊት ወደ ኋላ ትታጠባለች፣ ከፊቷ መስታወት ይቆማል። ብዙዎች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ አካላቸውን የሚያዩት ያን ዕለት ነው። ነርሷ የምታሳያት ሦስት ነገር ነው፦ ከላይ ቂንጥር፣ ከታች የብልት ቀዳዳ፣ በመካከላቸው ትንሿ የሽንት መውጫ። በግራ እጇ ጣቶች ከንፈሮቹን ገልጣ በቀኟ ቱቦውን ቀስ አድርጋ ታስገባለች። ሽንቱ መውረድ ሲጀምር ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ታክላለች፣ ከዚያ ትጠብቃለች። ቱቦው ተሳስቶ ወደ ብልት ቢገባ ሽንት አይመጣም። ጥሩ ነርስ ያን ጊዜ «አውጪው» አትልም፤ እዚያው እንዲቆይ አድርጋ ሌላ ንጹሕ ቱቦ ትሰጣለች። የተሳሳተው ቱቦ ምልክት ይሆናል፣ ትክክለኛው ቀዳዳ ከእሱ በላይ ነውና። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መስታወቱ ይቀራል፣ ጣት ብቻውን ቦታውን ያውቀዋል።

ወንዱ ብልቱን ወደ ሆዱ አቅጣጫ ቀና አድርጎ ይይዛል፤ ቀና ማለቱ ቧንቧው ላይ ያለውን አንድ መታጠፊያ ያቃናዋል። ቱቦው ሳይቸግር ይሄድና ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ገባ ሲል እንቅፋት እንደነካ ሁሉ ይቆማል። የብዙ ጀማሪ ላብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የቆመው ቆላፊው ጡንቻ ላይ ነው፣ ደንግጦ ጠብቋል። መግፋት አይገባም፤ የተገፋ ቱቦ ሥጋውን ወግቶ ሐሰተኛ መንገድ ሊከፍት ይችላል። ጫናውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ባሉበት ይዞ በረጅሙ መተንፈስ፣ ትንሽ መሳል፣ ሊሸኑ እንደሆነ ማሰብ ነው መድኃኒቱ። ጡንቻው ሲላላ ቱቦው በራሱ የተሳበ ያህል ያልፋል። ሽንቱ ሲቆም ቀስ እያሉ ያወጡታል፤ ሲወጣ እንደገና ከፈሰሰ እዚያው ላይ ይቆማሉ፣ ከሥር የቀረው እስኪያልቅ።

ሰዓቱን የሚወስነው የሚወጣው መጠን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እያንዳንዱ ሽንት በመለኪያ ዕቃ ተለክቶ ይጻፋል። በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ከወጣ ልዩነቱ ረዝሟልና ያጥራል። ውኃ ባለመጠጣት ሥራውን ለመቀነስ መሞከር ስሕተት ነው፤ በቀን አንድ ተኩል ሊትር ገደማ መጠጣት ያስፈልጋል። የጾም ወቅት ግን ሰዓቱን ይለውጠዋል። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ያልጠጣ ሰው ከማፍጠሪያው በኋላ ፊኛው ቶሎ ቶሎ ስለሚሞላ የምሽቱ ልዩነት መጥበብ አለበት። በዓል ላይ ጠላ የጠጣም እንዲሁ ነው።

በዚህ ዘዴ የሚኖር ሰው ሽንት ሲመረመር ባክቴሪያ መታየቱ የተለመደ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ወይም የተለወጠ የሽንት ሁኔታ ከሌለ፣ ነፍሰ ጡር ካልሆነች በስተቀር፣ በአንቲባዮቲክ አይታከምም፤ ያለ ምክንያት የተወሰደው መድኃኒት በችግር ቀን የማይሠራ ይሆናል። ትኩሳት ሲመጣ፣ ብዙ ደም ሲታይ ወይም ቱቦው ፈጽሞ አልገባ ሲል ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ አይዘገይም። ከደረት አጋማሽ በላይ አከርካሪው የተጎዳ ሰው ደግሞ ሌላ ምልክት ማወቅ አለበት፦ ፊኛው ሲወጠር ራሱን በድንገት ይፈልጠዋል፣ ፊቱ ያልበዋል፣ የደም ግፊቱ ያሻቅባል። ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው፤ መጀመሪያ የሚደረገውም ቀና አድርጎ ማስቀመጥና ፊኛውን ባዶ ማድረግ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሙያ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት አሉ። የሕፃኑ አከርካሪ በፅንሱ የመጀመሪያ ሳምንታት ሳይዘጋ የሚቀርበት ስፓይና ባይፊዳ በአገሪቱ በብዛት ይታያል፤ እናት ከመፀነሷ በፊት ፎሊክ አሲድ ብታገኝ ብዙው ይቀር ነበር። ጀርባው በቀዶ ሕክምና ቢዘጋም ፊኛውን የሚያዝዙት ነርቮች አይመለሱም። እናትየው ቱቦውን ማስገባት ትማራለች፣ ልጁ አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ራሱ ይጀምራል። ትምህርት ቤት ሲገባ የሚቸግረው ቱቦው አይደለም፤ በሩ የሚዘጋና ውኃ ያለው መጸዳጃ ማግኘት ነው። ስለ ልጁ የሚያውቅ አንድ መምህር መኖሩ ብዙ ነገር ያቀላል።

የቱቦ አቅርቦትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የአሜሪካ የአረጋውያን የጤና መድን ሜዲኬር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በወር እስከ 200 ካቴተር ይከፍላል፣ ለእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ማለት ነው። ብዙው የአፍሪካ ቤተሰብ ይህን አያገኝም፤ ስለዚህ አንዱን ቱቦ ከውስጥም ከውጭም በሳሙና አጥቦ፣ አጥልሎ፣ አድርቆ፣ በንጹሕ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ ደጋግሞ ይጠቀምበታል። ይህ ከላፒዲስ መጀመሪያ ሐሳብ የራቀ አይደለም። ቱቦው ሲጠነክር፣ ሲሻክር ወይም ሲሰነጠቅ ይጣላል፤ ለሌላ ሰው ፈጽሞ አይሰጥም።

ክትትሉ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ኩላሊትን በአልትራሳውንድ ማየትንና ኩላሊቱ ደሙን ምን ያህል እንደሚያጣራ መመርመርን ይጨምራል። አንዳንዱ ሰው ዕድሜ ልኩን ከቱቦው ጋር ይኖራል። ከወሊድ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የከለከላቸው ግን ብዙውን ጊዜ ይሻላቸዋል፦ በራሳቸው መሽናት ይጀምራሉ፣ ከዚያ በኋላ ቱቦው የሚያወጣው ቀሪ ሽንት በየቀኑ እያነሰ ይሄዳል። ቀሪው በተከታታይ ከ100 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ሐኪሙ የቀኑን ቁጥር ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ ይቀንሳል፣ በመጨረሻም ያስቆመዋል።