ድፍርስ ውሃ እንዴት ሜዳ ይሠራል?

መቀሌ ውስጥ ውሃ የማያጠራቅም ቤት አይገኝም። በጄሪካን እንይዛለን፣ በበርሜል እንሞላለን፤ ድፍርስ ሆኖ ከመጣም እናሳድረዋለን። ሲነጋ ላዩ ጠልሎ፣ ከታች ስስ ዝቃጭ ተኝቶ እናገኘዋለን። ላዩን ቀስ ብለን ቀድተን ታችኛውን እንደፋዋለን።

ያ የምትደፉት ዝቃጭ ሜዳ ይሠራል። ከመሆኒ ተነሥቶ፣ በአላማጣ አልፎ፣ ወደ ቆቦ የሚዘረጋው የራያ ሜዳ፣ ዛሬ ለወጥ የከተፋችሁትን ሽንኩርት ምናልባት ያበቀለው መሬት፣ የተሠራው በጄሪካናችሁ ውስጥ በሚሆነው ነገር ነው።

እስኪ በዓይናችሁ እዩት። አንድ ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ። ከግቢያችሁ ሁለት እፍኝ አፈር ቆፍራችሁ፣ ሥሩንና ቅጠሉን ለቅማችሁ ጨምሩበት። ውሃ ሙሉበትና ለመናጫ ትንሽ ክፍተት ተዉለት። ቁንጥር የዱቄት ሳሙና ጣል አድርጉበት፤ ሳሙናው እርስ በርሱ የተጣበቀውን ጭቃ ይለያየዋል። ክዳኑን አጥብቃችሁ በደንብ ናጡትና ጠረጴዛ ላይ አቁሙት።

እጃችሁን ከማንሳታችሁ ጠጠሩ ወርዷል። አሸዋው ደቂቃም አይፈጅበት። አሁን ቡና አፍሉ። በረካው እስኪደርስ ከአሸዋው በላይ ለስላሳ ደለል ተነጥፎ ታገኙታላችሁ። ውሃው ግን አሁንም አልጠራም፤ የሸክላው ቅንጣት ገና እየተንሳፈፈ ነው። እስከ ነገ ተዉት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁሉንም ወደ ታች የሚስበው የምድር ስበት ነው፤ ውሃው ደግሞ እየያዘ ያዘገያል። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር የውሃው መያዝ ይበረታበታል። ከደቃቆቹ መካከል ስፋቱ በግማሽ ያነሰው የሚወርደው በሩብ ፍጥነት ነው። ከ0.002 ሚሊ ሜትር የቀጠነ የሸክላ ቅንጣት ከሃይላንዱ አፍ እስከ ታች ለመውረድ ግማሽ ቀን አይበቃውም።

መልሳችሁ ናጡት፤ ሁሉም ይነሣል። ውሃ እየሮጠ ይሸከማል፣ ሲዘገይ ያራግፋል፣ ሲያራግፍም ከከባዱ ይጀምራል። ስለ ራያ ሜዳ ማወቅ ያለባችሁ ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

በመኪና ወደ አዲስ አበባ የወረደ ሰው የግራካሱን ቁልቁለት አይረሳውም። ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያለፈው ኮረም ላይ ነበራችሁ፤ ጥቂት ተጠማዝዛችሁ ስትወርዱ 1,500 ሜትር አካባቢ ያለችው አላማጣ ትደርሳላችሁ። የምድር ቅርፊት ተሰንጥቆ ምሥራቃዊው ወገን ወደ አፋር ሲወርድ የቀረው ጠርዝ ነው ይህ ቁልቁለት። ራያ በዚህ ጠርዝና በምሥራቅ በኩል ባሉት እንደ ዞብል ባሉ ተራሮች መካከል የሰመጠ ረባዳ ነው።

ክረምት ላይ ደጋው የዘነበበት ውሃ በዚያ ቁልቁለት ይምዘገዘጋል። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሊያንከባልለው የሚችለው ድንጋይ ክብደት እስከ 64 እጥፍ ያድጋል። በበጋ ጫማ አውልቃችሁ የምትሻገሩት ወንዝ በክረምት ትልልቅ ቋጥኝ የሚያወርደው ለዚህ ነው።

ከተራራው ግርጌ ግን መሬቱ ድንገት ለጥ ይላል። ሁለት ትሪ ካላችሁ ይህን ቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። አንዱን ለጥ አድርጉና ሌላውን አዘንብላችሁ ጫፉን አሳርፉበት። ሃይላንዱን ናጡትና ከላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱት። ጠጠርና አሸዋው ትሪዎቹ የሚጋጠሙበት ላይ ተከምሮ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ጭቃው ውሃ እስከ ዳር ይሄዳል። አላማጣ ያለችው እንዲህ ባለ መጋጠሚያ ላይ ነው። ወደ ሜዳው መሃል በገባችሁ ቁጥር አፈሩ እየለሰለሰ ይሄዳል። በረጅም ዘመን የተነጠፈው ደለል በአንዳንድ ቦታ ከ100 ሜትር በላይ ይወፍራል፤ በግርጌው ጠጠር በኩል የሚሰርገው ጎርፍም ከምድር በታች ተጠራቅሞ የጉድጓድ ውሃ ይሆናል።

የአፈሩ ምንጭም ለውጥ ያመጣል። የራያን ደለል የሚያወርዱት ተራሮች በአብዛኛው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው፤ ያ ድንጋይ ሲበሰብስ ለሰብል የሚሆን ማዕድን የሞላበት ጥቁር አፈር ይወጣዋል። የመቀሌ ዙሪያ ግን ብዙው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የመሰቦ ሲሚንቶም ከዚሁ ይሠራል። ከግቢያችሁ ፈዘዝ ያለ ድንጋይ አንሥታችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከተንፈቀፈቀ ኖራ አለበት። ያው አቼቶ የግራካሱ ጥቁር ድንጋይ ላይ ዝም ይላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን የራያ ገበሬ ነው። ሜዳው ላይ ዝናቡ አያስተማምንም፤ ስለዚህ ገበሬው ደጋ ላይ የዘነበውን ጎርፍ ይጠልፋል። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከተራራው ጎርፍ ይመጣል። ገበሬዎቹ በአሸዋና በድንጋይ፣ በቅርንጫፍም አጥር የወንዙን አፍ ዘግተው፣ ውሃውን በሰፊና አጭር ቦይ ወደ ማሳቸው ይመሩታል። ጎርፉ አጥሩን ጠርጎ ከወሰደው እንደገና ተሰብስበው ይሠሩታል።

ቦዩ ሰፊና አጭር የሆነው እንዲያው አይደለም። ውሃው መንገድ ላይ ከዘገየ ደለሉ ቦዩ ውስጥ ይቀራል፤ ገበሬው ግን ውሃው ማሳው ላይ ደርሶ እንዲዘገይ ነው የሚፈልገው። እዚያ ሲቆም ለስላሳውን ያራግፋል፣ እርጥበቱም ወደ ጥልቁ አፈር ይሰርጋል። ማሽላው ዝናቡ ካቆመ በኋላ የሚኖረው በዚያ እርጥበት ነው። አካባቢው ላይ በኋላ ከተሠሩት የሲሚንቶ መጥለፊያዎች አንዳንዶቹ በሮቻቸው ጠባብ ስለነበሩ በጠጠርና በደለል ተደፍነው ተቸግረዋል፤ ውሃው በሩ ላይ ስለሚዘገይ ከባዱን እዚያው ይጥለዋል። የቅርንጫፉ አጥር እንደ ደካማ ሥራ መታየቱ ትክክል አይመስለኝም። ጎርፉ ሲበረታ አጥሩ ይሰበራል፤ ያኔ ቋጥኙ ወደ ማሳ ሳይገባ በወንዙ ይሄዳል።

የራያ ጎርፍ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ስለሚወርድ ባሕር ሳይደርስ ይቀራል። የመቀሌው መንገድ ሌላ ነው። የኢላላ ወንዝ ወደ ግባ፣ ግባ ወደ ተከዜ፣ ተከዜ ወደ ዓባይ ይሄዳል። የግብፅን የዓባይ ዳር እርሻ ያነጠፈው ደለል በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሄደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ካለቀ ወዲህ ግን ያ ደለል ከግድቡ ጀርባ ይቀራል። ዛሬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀውና 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ከእኛ የሚወርደውን ይይዛል፤ ውሃው እዚያ ስለሚቆም ነው።

ሐምሌ ላይ ዝናብ ካባራ በኋላ ኢላላ ዳር ሄዳችሁ፣ ወደ ውሃው ሳትገቡ፣ ሁለት ሃይላንድ ሙሉ። አንዱን ሳሙና ሳትጨምሩበት ለሁለት ቀን አቁሙት። ከጎኑም ግማሽ ማንኪያ ጨው የጨመራችሁበትን ሌላውን ሃይላንድ አቁሙ፤ ጨው የነካው ቀድሞ ይጠራል፣ ምክንያቱም ጨው የሸክላ ቅንጣቶችን አጣብቆ ያከብዳቸዋል። በሁለቱም የተኛውን ዝቃጭ በማስመሪያ ለኩት፤ ከግባ ተሻግሮ ወደ ተከዜ የሚሄደው የእኛ አፈር ከአንድ ሃይላንድ ውሃ ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ታያላችሁ።