ተጨማሪ መረጃ፦ ተሰብሳቢው ራሱ የሚያሞቀው አዳራሽ

አርፎ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ይለቃል። አንድ ሺህ ተሰብሳቢ የሞላበት አዳራሽ እንግዲህ የመብራቱና የመሣሪያው ሙቀት ሳይቆጠር የ100 ኪሎዋት ምድጃ ይዟል ማለት ነው፤ ጉባኤው ሲበተን ምድጃውም አብሮ ይጠፋል። ኃይል ቆጣቢ አዳራሽ መገንባትን አስቸጋሪ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ መዋዠቅ ነው። ስለዚህ በዘመናዊ አዳራሾች ተሰብሳቢው ሲተነፍስ የሚያስወጣውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን የሚለኩ መሣሪያዎች ይተከላሉ፤ ሰው ሲበዛ የአየር ማናፈሻውን ያፈጥኑታል፣ ሲያንስ ያዘገዩታል።

በ2009 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የካናዳው ቫንኩቨር ኮንቬንሽን ሴንተር ምዕራባዊ ሕንፃ ደግሞ ባሕሩን አጋዥ አድርጓል። ከፊሉ የቆመው ከውኃ በላይ ነው። የባሕር ውኃ የሙቀት መጠን እንደ አየሩ ቶሎ ቶሎ አይለዋወጥም፤ ስለዚህ የሙቀት ፓምፖቹ በብርዱ ወራት ከባሕሩ ሙቀት ይስባሉ፣ በሞቃቱ ወራት የአዳራሹን ሙቀት መልሰው ወደ ባሕሩ ያስወጣሉ። የፓምፖቹ አሠራር ከፍሪጅ ጋር አንድ ነው።

2.4 ሄክታር የሚሰፋው ጣሪያ ከ400,000 በላይ አገር በቀል ዕፅዋት በቅለውበታል። አፈሩ የፀሐይን ሙቀት ይከላከላል፣ የዝናብ ውኃም ይይዛል። ከመጸዳጃ ቤት የሚወጣው ፍሳሽ እዚያው ተጣርቶ ለመጸዳጃ ቤቱና በደረቁ ወራት ለጣሪያው መስኖ ይውላል።