የአክሲዮን መልሶ ግዥና የአነስተኛ ባለአክሲዮኖች መብት በሐይቅና በአምባሰል

አንድ አክሲዮን ማኅበር ቀደም ሲል የሸጠውን አክሲዮን ከባለቤቱ መልሶ ሊገዛ ይችላል? የሚችል ከሆነስ በጥሪው መሠረት አክሲዮኑን አቅርቦ ገንዘቡን መቀበል የሚችለው የትኛው ባለአክሲዮን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በደቡብ ወሎ ዞን በሐይቅ ከተማና በአምባሰል ወረዳ ለሚኖሩ አነስተኛ ባለአክሲዮኖች በአዲስ አበባ ላሉት ትላልቅ ነጋዴዎች ከሚኖራቸው ክብደት ያላነሰ ክብደት አላቸው።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐይቅ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ በዚያው መንገድ አለፍ ብላ የምትገኘው ውጫሌ ደግሞ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ናት። በአካባቢው በግብርና፣ በንግድና ወደ ዓረብ አገሮች ሄደው በሚሠሩ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚተዳደረው ነዋሪ ብዙ ነው። ይህ ነዋሪ ትርፍ ገንዘብ ሲያገኝ በከብት፣ በቤትና በንግድ ዕቃ ማስቀመጡ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ቅርብ ጊዜ ደግሞ አክሲዮን ተጨምሮበታል። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አማራ ባንክ ሲመሠረት የባለአክሲዮኖቹ ቁጥር ከ140 ሺህ በላይ መሆኑ፣ አክሲዮን የጥቂት ባለሀብቶች ንብረት መሆኑ ያበቃ መሆኑን ያሳያል። ኢትዮ ቴሌኮምም ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዱን በ300 ብር በቴሌብር አማካይነት ለሽያጭ ሲያቀርብ፣ ውጫሌ ያለ ሰው አዲስ አበባ ሳይሄድ በእጅ ስልኩ ለመግዛት የሚያስችለው ሆኗል።

አክሲዮን መግዛት ይህን ያህል የቀለለ ቢሆንም መልሶ ወደ ገንዘብ መለወጥ ግን አልቀለለም። ከብት በቅዳሜ ገበያ ሊሸጥ ይችላል፤ የአክሲዮን የምስክር ወረቀት ግን ለሕክምናም ሆነ ለልጅ ትምህርት ገንዘብ በተፈለገበት ቀን ገዥ ላያገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ባለአክሲዮኑ በመጀመሪያ የሚያስበው ገንዘቡን ወደ ሰጠው ማኅበር መመለስ ነው። «የሸጠልኝ መልሶ ይግዛኝ» የሚለው አስተሳሰብ በሱቅ ዕቃ ላይ የተለመደ ቢሆንም በአክሲዮን ላይ አይሠራም።

ምክንያቱ የማኅበሩ ካፒታል ለአበዳሪዎቹና ለደንበኞቹ መያዣ በመሆኑ ነው። ገንዘቡን ያስቀመጠ ደንበኛ ወይም በዱቤ ዕቃ የሰጠ ነጋዴ የሚተማመነው ባለአክሲዮኖቹ ባዋጡት ካፒታል ላይ ነው። ማኅበሩ ይህን ካፒታል አክሲዮኑን ለሚመልስ ሁሉ የሚከፍል ቢሆን መያዣው ቀስ በቀስ ያልቃል። ከዚህም በላይ የማኅበሩ መሪዎች ለራሳቸውና ለወዳጆቻቸው አክሲዮን ጥሩ ዋጋ በማስከፈል ሌላውን ባለአክሲዮን ባዶ እጁን ሊያስቀሩት ይችላሉ። በዚህም የተነሣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በ332ኛው አንቀጽ፣ ማኅበር የራሱን አክሲዮን ሊገዛ የሚችለው ጠቅላላ ጉባኤው ሲፈቅድ፣ ክፍያው ከተጣራ ትርፍ ሲፈጸምና አክሲዮኑ ሙሉ በሙሉ የተከፈለበት ሲሆን ብቻ እንደሆነ ደንግጎ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 የንግድ ማኅበራትን ክፍል የተካ ሲሆን፣ አሁን የሚደረግ ማንኛውም መልሶ ግዥ በዚሁ አዋጅና በማኅበሩ መመሥረቻ ጽሑፍ የሚመራ ነው።

ከዚህ ሊያዝ የሚገባው «ሊገዛ ይችላል» ማለት «ይገዛል» ማለት አለመሆኑ ነው። ይህን ልዩነት የአምባሰል ነዋሪ ከማንም ይልቅ ሊያውቀው ይችላል፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያው በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው የሚቻል ነገር ሲል በጣሊያንኛው የግድ ነገር በማለቱ አገር የሚያሳስብ ክርክር አስከትሎ ነበር። ባለአክሲዮኑ ማኅበሩ እንዲገዛው የመጠየቅ ዕድል እንጂ የማስገደድ መብት የለውም። ማኅበሩ ጥሪ ካላቀረበ ባለቤቱ ሌላ ገዥ መፈለግ ግዴታው ይሆናል።

ጥሪ በቀረበ ጊዜ ደግሞ የብቁነት ጥያቄ ይነሣል። ብቁ የሚያደርገው የአክሲዮኑ ብዛት አይደለም። አሥር አክሲዮን ያለውም አሥር ሺህ ያለውም ለማኅበሩ ባለአክሲዮኖች ናቸው። የሚለየው በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ያለው ስም ነው። ማኅበሩ የሚያውቀው በመዝገቡ የተጻፈውን ሰው ሲሆን፣ በእጅ የተያዘው የምስክር ወረቀት የመዝገቡ ነጸብራቅ ነው።

የባለቤትነት መብትን በመዝገብ አስፍሮ መያዝ ለሐይቅ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። የጥንቱ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ስም በሚታወቀው ወንጌሉ ላይ የገዳሙን ሀብት አስመዝግቦ ያቆየ ነው። በወንጌሉ የሰፈረው ንብረት ለመናገር ምስክር አያስፈልገውም ነበር፤ የአክሲዮን መዝገብም ሥራው ተመሳሳይ ነው። በተግባር ግን ችግሩ የሚመጣው ከመዝገቡ ውጭ በሚደረግ ዝውውር ነው። አንድ ሰው አክሲዮኑን ለጎረቤቱ በሽማግሌ ፊት በተጻፈ ወረቀት ሸጦ ገንዘቡን ቢቀበል፣ በሁለቱ መካከል ስምምነት ቢኖርም በማኅበሩ መዝገብ እስካልተመዘገበ ድረስ መልሶ ግዥው ሲታወጅ ጥሪው የሚደርሰው ለቀድሞው ባለቤት ነው። የትርፍ ድርሻውም እንዲሁ። ገዥው አንዳንድ ጊዜ ለዓመታት ሳያውቅ ይቆያል፤ የሚያውቀው ገንዘብ ሊከፈል ሲል ነው።

ከስሙ ቀጥሎ የሚታየው ክፍያ ነው። አክሲዮን በሚሸጥበት ጊዜ አንዳንዱ ሰው የሚገባውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይከፍልም፤ የተወሰነውን አስቀድሞ ከፍሎ ቀሪውን በየጊዜው ይጨምራል። እንዲህ ባለ አክሲዮን ላይ መልሶ ግዥ የማይፈጸመው ማኅበሩ ከራሱ ላይ ያለውን ዕዳ እንደመተው ስለሚቆጠርበት ነው። በባንክ ለብድር መያዣ የተሰጠ አክሲዮንም አበዳሪው ሳይስማማ፣ በፍርድ ቤት የታገደም እግዱ ሳይነሣ ሊቀርብ አይችልም። ባለቤቱ የሞተ ከሆነ ወራሾቹ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥተው ስማቸውን ማስመዝገብ ይኖርባቸዋል። አክሲዮኑ የጋራ ሀብት ሲሆን የትዳር ጓደኛ ስምምነት እንዳይዘነጋ ማድረግ ያስፈልጋል።

የአካባቢው ልዩ ጉዳይ በውጭ አገር ያሉት ናቸው። በሳዑዲ ዓረቢያና በሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ የአካባቢው ተወላጆች ለቤተሰብ በሚልኩት ገንዘብ በራሳቸው ስም አክሲዮን የሚገዙበት ሁኔታ አለ። ባለቤቱ ጅዳ፣ ሰነዱ ሐይቅ፣ መዝገቡ አዲስ አበባ በሚሆንበት ጊዜ በአጭር ቀናት የሚዘጋ ጥሪ ለመድረስ ውክልና ያስፈልጋል። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ጽሕፈት ቤት የተረጋገጠ ሆኖ አክሲዮን የመሸጥና ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን በግልጽ የሚገልጽ መሆን አለበት። «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል አጠቃላይ ቃል ለዚህ አይበቃም።

በዜግነት ምክንያት ብቁ የመሆንና ያለመሆን ጉዳይ እስከምን እንደሚደርስ ከታየባቸው ጊዜያት ዋነኛው 2009 ዓ.ም. ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592 የውጭ ዜጎች የባንክ አክሲዮን እንዳይኖራቸው የከለከለ ነበር። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ዜግነታቸውን የለወጡ፣ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ የሚያገኙ ሰዎች በባንኮችና በኢንሹራንስ ኩባንያዎች አክሲዮን ይዘው ቆይተዋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ እነዚህ ባለአክሲዮኖች ተለይተው አክሲዮኖቻቸውን እንዲያስረክቡ፣ አክሲዮኖቹ ለኢትዮጵያውያን በጨረታ እንዲሸጡ፣ ለባለቤቶቹም በአክሲዮኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ ብቻ እንዲከፈል ተደረገ። ከዚያ በላይ የተገኘው ትርፍ ለመንግሥት ገቢ ሆነ።

ይህ በሕግ ቃል የማኅበር መልሶ ግዥ አይደለም። ማኅበሩ የሚፈልገውን አልገዛም፤ ባለቤቱም በፈቃዱ አልሸጠም። ውጤቱ ግን ከመልሶ ግዥ ጋር አንድ ነው፤ ባለቤቱ አክሲዮኑን ትቶ ገንዘብ ይቀበላል። ዋጋው የተወሰነው ባለቤቱ በሌለበት መሆኑ ነው ቅሬታ ያስነሣው። ለዓመታት ያደገ ባንክ ሀብቱ፣ የቅርንጫፍ ብዛቱና ስሙ በአክሲዮን ዋጋ ውስጥ ሲሆን፣ ከመነሻ ዋጋው በላይ የጨመረው ሁሉ ለባለቤቱ ሳይደርስ ቀረ። ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ኩዌት የሚሠራ፣ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያልለወጠ የአምባሰል ተወላጅ በዚህ መመሪያ የሚነካ አልነበረም፤ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ዜግነት የወሰደ ዘመዱ ግን ይነካል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ዓይነት ውጤት የተፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1159 ትውልደ ኢትዮጵያውያን እንደገና የባንክ አክሲዮን እንዲገዙ ፈቀደ፤ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባለሀብቶች በሩን በገደብ ከፈተ። ቀድሞ የተወሰደው ትርፍ ግን ለተነኩት ሰዎች በእነዚህ አዋጆች አልተመለሰም።

በውጭ አገር የአነስተኛውን ባለአክሲዮን መብት ለመጠበቅ የተዘጋጁ ደንቦች በተለያየ መንገድ የተቀረጹ ናቸው። በአሜሪካ ኩባንያው መልሶ ግዥውን በጨረታ መልክ ሲያቀርብ ጥሪው ለዚያ ዓይነት አክሲዮን ባለቤቶች ሁሉ ክፍት መሆን አለበት። ከ100 አክሲዮን በታች ያላቸውን ባለቤቶች ያለ ቅነሳ ተቀብሎ መግዛትም የተፈቀደ ነው። በህንድ ደግሞ የገበያ ተቆጣጣሪው ከመልሶ ግዥው 15 በመቶው ለአነስተኛ ባለአክሲዮኖች እንዲለይ ያዛል፤ አነስተኛ የሚባለውም በተመዘገበው ቀን የያዘው አክሲዮን የገበያ ዋጋ ከ200 ሺህ ሩፒ የማይበልጥ ነው።

የዚህ ደንብ ጥቅም በቁጥር ሲታይ ይገለጣል። አንድ ማኅበር 1,000 አክሲዮን ብቻ ለመግዛት ሲፈልግ ባለቤቶቹ 5,000 ቢያቀርቡ፣ ሁሉም በእኩል ሲቀነስ አሥር አክሲዮን ያቀረበ ሰው የሚሸጥለት ሁለት ነው። ስምንቱን ይዞ ይመለሳል፤ ለሐይቅ ነዋሪ የመጓጓዣው ወጪ እንኳ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ለአነስተኛው የተለየ ድርሻ ሲኖር ግን ሁሉንም ሸጦ የመመለስ ዕድሉ ይሰፋል። የኢትዮጵያ ማኅበራት መልሶ ግዥ በስፋት የሚያደርጉበት ጊዜ ከመጣ ይህ ጉዳይ አስቀድሞ መታየት የሚገባው ነው።

በአሁኑ ወቅት ያ ጊዜ ለባንኮች የቀረበ አይመስልም። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር በማሳደጉና እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. የማሟያ ጊዜ በመስጠቱ፣ ባንኮቹ በእነዚህ ዓመታት አክሲዮን ሲሸጡ እንጂ ሲገዙ አልታዩም። ካፒታል ለማሰባሰብ የተጣደፈ ማኅበር ገንዘብ ለመመለስ አይጣደፍም። በዚህም ምክንያት ለአነስተኛው ባለአክሲዮን ዋናው መውጫ ሌላ ገዥ ነው። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ለዚህ የተቋቋመ ሲሆን፣ በገበያው በመጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። በገበያው ያልተመዘገበ ማኅበር አክሲዮን ግን አሁንም በማኅበሩ መዝገብ በሚፈጸም ዝውውር ብቻ የሚሸጥ ነው።

ሌላው የአካባቢው ጉዳይ ጠፍተው የቀሩ ሰነዶች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ደሴን ባዳረሰ ጊዜ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ነዋሪዎች ሰነድ ይዘው ለመውጣት ጊዜ አልነበራቸውም። የአክሲዮን ምስክር ወረቀት የጠፋበት ሰው አክሲዮኑ የጠፋበት እንደሚመስለው ይታያል። ይህ ትክክል አይደለም። በስም የተመዘገበ አክሲዮን ባለቤትነቱ ከመዝገቡ ስለማይጠፋ፣ ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ ወደ ማኅበሩ የአክሲዮን ክፍል ቀርቦ ምትክ መጠየቅ ይችላል። በመዝገቡ የተጻፈው ስም ከመታወቂያው ጋር መለያየቱ፣ ለምሳሌ የአያት ስም መጉደል ወይም የፊደል መለዋወጥ፣ ከሰነዱ መጥፋት የበለጠ የሚያዘገየው ሆኖ ይገኛል። አድራሻና ስልክ የለወጡ ባለአክሲዮኖችም ይህን ለማኅበሩ ካላሳወቁ የጉባኤ ጥሪም ሆነ የመልሶ ግዥ ማስታወቂያ ወደ አሮጌው አድራሻ ይሄዳል።