ጨቅላን የማስተንፈስ ክህሎትን በቪዲዮ ማስተማር፦ ጥቅሙና ወሰኑ

ሳይተነፍስ የተወለደ ጨቅላ ፋታ አይሰጥም። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ያስጀመረው «ሕፃናት እንዲተነፍሱ መርዳት» የተሰኘው ሥልጠና ከውልደት በኋላ ያለችውን የመጀመሪያዋን ደቂቃ «ወርቃማዋ ደቂቃ» ይላታል። በዚህች ደቂቃ ውስጥ ጨቅላው በራሱ መተንፈስ፣ አለዚያም በአምቡ ባግና በማስክ አየር ማግኘት መጀመር ይኖርበታል። አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ይህን ክህሎት በማዋለጃ ክፍል፣ ከሌሎች ትከሻ ኋላ ቆማ ትማረዋለች ብሎ መጠበቅ አዳጋች ነው። በተግባር ልምምዷ ወቅት እንዲህ ያለ ጨቅላ ላይገጥማት ይችላል፤ ቢገጥማትም አሠልጣኟ ሥራውን አቁሞ ሊያስረዳት አይችልም።

የቪዲዮ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የጨቅላው አንገት አቀማመጥ፣ ማስኩ ዓይንን ሳይነካ አገጭን፣ አፍንና አፍንጫን ሸፍኖ የሚያርፍበት ስፍራ፣ የደረቱ ከፍና ዝቅ ማለት በቅርበት ይታያል፤ ሲያሻም ይቆማል፣ ይደገማል።

ይሁን እንጂ ያየ ሁሉ ሠራ ማለት አይደለም። የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ሮድኒ ፔይተን እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረበው ባለ አራት ደረጃ የማስተማሪያ ዘዴ ወሰኑን ግልጽ ያደርገዋል። በዘዴው መሠረት አሠልጣኙ በመጀመሪያ ድርጊቱን ያለ ማብራሪያ በተለመደው ፍጥነት ያሳያል፤ ቀጥሎ እያብራራ ይደግመዋል፤ በሦስተኛው ደረጃ ተማሪዋ ቅደም ተከተሉን እየነገረችው እርሱ ይሠራል፤ በመጨረሻ ተማሪዋ ራሷ ትሠራለች። ሁለቱን የመጀመሪያ ደረጃዎች ቪዲዮ በሚገባ ይሸፍናል። ሦስተኛውንም ድምፁን አጥፍቶ ተማሪዋ ምስሉን እንድትተርክ በማድረግ ማከናወን ይቻላል፤ በጥድፊያ የሚታለፈው፣ ምናልባትም እጅግ አስፈላጊው ደረጃ ይኸው ነው። አራተኛውን ግን ስክሪን አይተካውም። ማስኩን አጥብቆ በመያዝና የጨቅላውን ፊት በመጫን መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቀው እጅ ብቻ ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከላይ የተጠቀሰው ሥልጠና ውኃ ተሞልቶ የጨቅላ ክብደት እንዲኖረው በሚደረግ አሻንጉሊት ይሠራል። ስለዚህ ቪዲዮው ታይቷል ተብሎ የልምምድ ሰዓት ቢቀነስ ጉዳቱ የሚደርሰው በጨቅላው ላይ ነው።

በቪዲዮዎቹ ይዘት ላይም አንድ ጉድለት ሊኖር ይችላል። ደረቱ በመጀመሪያው ጭመቃ ከፍ የሚልበትን እንከን የለሽ አሠራር ብቻ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ ደረቱ ከፍ ካላለ ምን እንደሚደረግ አያስተምርም። ማስኩን እንደገና ማስተካከል፣ ጭንቅላቱን በትክክል መልሶ ማስቀመጥ፣ አፍና አፍንጫን ከፈሳሽ ማጽዳት፣ አፉን ትንሽ መክፈት፣ ባጉን ጠንከር አድርጎ መጭመቅ የሚሉት እርምጃዎች ራሱን የቻለ ቀረጻ ያስፈልጋቸዋል፤ ቀረጻውም ተማሪዋ እርምጃውን ከመስማቷ በፊት ስሕተቱን ራሷ እንድትለይ፣ ደረቱ ከፍ ሳይል በቀረበት ቅጽበት ላይ ቢቆም ይመረጣል።